የመን ወይስ አርመን?

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት፣ የድሮ ፎቶ ስናገላብጥ ዋልን። የእናቴ አያት ነው የሚባለው ሰውዬ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ከረባት አስሮ ተቀምጧል። አክስቴ "የመናዊ ነው" ትላለች። አጎቴ ደግሞ "አርመን ነው! ኮፍያውን አታዪም?" ብሎ ድርቅ። ኧረ ኮፍያው የፎቶ ቤቱም ሊሆን ይችላል!

ድሬ ላይ ሁለቱም ያስኬዳል። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰ ወዲህ የመኑም፣ ግሪኩም፣ ህንዱም፣ አርመኑም እዚህ ኖሯል።

የዲኤንኤ ውጤቴን አሳየኋቸው። "ዓረቢያ" የሚል ድርሻ አለው። አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ግን ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በአፍሪካ ቀንድ ብዙዎቻችን ከቀይ ባህር ማዶ የመጣ፣ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠረ የዘር ድርሻ አለን። ከአንድ ቅድመ አያት የሚደርሰን ደግሞ በአማካይ 12.5 በመቶ ብቻ ነው።

የሚሻለው ዋይ ክሮሞዞምን፣ ማለትም ወንዶች ብቻ ያላቸውን የዲኤንኤ ክፍል፣ ማስመርመር ነው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ስለሚተላለፍ እኔ ጋ የሰውዬው የለም። አጎቴ ጋ ግን አለ፤ የአባቱ አባት ነዋ። ታዲያ ምራቅህን ስጠኝ ብለው "አርመን መሆኔን እያወቅኩ ለምን እመረመራለሁ?" አይለኝም!

እስኪ እንዲህ ያለ አጎት ያሳመናችሁ ካላችሁ ዘዴውን ንገሩኝ።