የተላጠው ማንጎ

ማንጎ ራሱን ሲልጥ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም የሣልኩት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ መጋላ በኩል ከደቻቱ ወንዝ ሳይርቅ በሚገኝ አንድ የታፔላ ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ያገኘሁት ነገር ሁሉ ላይ እሥላለሁ፦ ደብተር ላይ፣ የሰው አጥር ላይ፣ ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋው ላይ በእንጨት። ስለዚህ ተለማማጅ ሆኜ ብቀጠርም በልቤ ሠዓሊ ነበርኩ፤ መጥረጊያ ሲሰጡኝ እንደ ውርደት እቆጥረው ነበር።

የሥራ ቤቱን ባለቤት ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይዘወተር፣ በዕድሜ አባታችን የሚሆነውን ሰው «ጋሼ፣ ተሳስተሃል» እያልን ስንከራከረው እንውላለን፤ ቅር ብሎት አያውቅም። ፊደል መጻፍ የተማረው በወጣትነቱ በባቡሩ ወርክሾፕ ፉርጎዎች ላይ ቁጥር እየጻፈ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ከተማዋን የቆረቆራት እሱ ነው፤ የከዚራ ሰፈር ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶችም የዚያን ዘመን መሐንዲሶች እጅ ያሳያሉ። ጋሼም የዚያው መስመር ልጅ ነው። «ፉርጎ ላይ የጻፍከው ሦስት ስምንት ከመሰለ የሰው ዕቃ ጠፋ ማለት ነው» ይለን ነበር። አንድን ታፔላ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ መጻፍ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ጋሼም እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየነካ ሦስት ጊዜ ያነበዋል። በአፋን ኦሮሞ «ለፈ» መሬት ነው፤ አናባቢዎቹን ደርበህ «ላፋ» ካደረግከው ለስላሳ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ያኔ የሽማግሌ ፍርሃት እለው ነበር።

አንድ ቀን ከዚራ ላይ ጭማቂ ቤት የምትከፍት ሴት መጣች። አራት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ታፔላ ፈለገች፤ ቅዳሜ ምረቃ ነው። «ሰው ከሩቅ ሲያየው ምራቁን የሚውጥበት ማንጎ ሣሉልኝ» አለች።

እኔ እዚያው በቆምኩበት ጠፋሁ። በሰፈራችን የአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበር፤ ልጅነታችንን ያሳለፍነው በድንጋይ ያንን ዛፍ ስንደበድብና ስንባረር ነው። ደንበኛዋ የተናገረችውን ማንጎ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሁሉ ሰማሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ጋሼ ለለቅሶ ወደ ሐረር ወጣ። ሲሄድ ያዘዘኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ላሜራውን በአቼቶ እጠበው፣ በውኃ አለቅልቀህ አድርቀው። የመጀመሪያውን ቀለም ስመለስ እኔ እቀባዋለሁ።»

ላሜራው አዲስ ጋልቫናይዝድ ነው፤ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። ጥቁር ላሜራ ቢሆን ዝገቱን አይቼ እፈራ ነበር፤ ይህን ምኑን አጥበዋለሁ? እውነቱን ለመናገር ነገሩን መርምሬ የደረስኩበት ውሳኔ አልነበረም። ማንጎው ጣቶቼ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለአቼቶ የሚሆን ትዕግሥት ከየት ይምጣ።

ላሜራውን ግቢ ውስጥ አጋድሜ ልክ በቀትር ጀመርኩ። ጉልበቴ ነክቶት ተቃጥያለሁ፤ አላቆምኩም። ዛፍ ሣልኩ፤ ሦስት ልጆች ሣልኩ፤ ድንጋይ የጨበጠ እጅ፣ የምትሮጥ ፍየል፣ የምትስቅ ፀሐይ ሣልኩ። ማንጎዎቹን አልቆጠርኳቸውም። ቀለሙ ብሩሹ ላይ እየደረቀ ሲያስቸግረኝ ማቅጠኛውን፣ አኳራጁን፣ አበዛሁበት። አመሻሽ ላይ ቆሜ ሳየው እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ቀን ብዙ አልገጠመኝም፤ ብዙ ጥፋት ያጠፋሁበት ቀን መሆኑ ያንን ደስታ ሐሰት አያደርገውም።

ጋሼ ሲመለስ ዙሪያውን እየዞረ ረጅም ጊዜ አየው። «ውብ ነው» አለ። ከዚያ አጎንብሶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አደረገውና ዝም አለ። ቅዳሜ ደርሶ ነበር፤ ተሰቀለ።

በሦስተኛው ቀን የፀሐይዋ ጉንጭ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ወጡ። በሦስተኛው ሳምንት ደንበኛዋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «አቦ ጋሼ፣ ማንጎው እኮ ሳንቆርጠው ተላጠ!» አለች። ሄደን ስናይ ከትልቁ ማንጎ ላይ ቀለሙ እንደ ልጣጭ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ላሜራው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ሁለት ደንበኞች ከጭማቂያቸው ቀና ብለው ይስቃሉ።

ጋሼ ሲያስረዳኝ «ጋልቫናይዝድ ቀለም አይወድም» ብቻ ነው ያለው። ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ይህ ላሜራ እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዘይት ያለበት ቀለም ዚንኩን በቀጥታ ሲነካ ውሎ አድሮ በመካከላቸው እንደ ሳሙና ያለ ሥሥ ንጣፍ ይፈጠራል፤ ያኔ ቀለሙ የሚይዘው ላሜራውን ሳይሆን ሳሙናውን ነው። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቅባትም አለ። አቼቶው ቅባቱን ያነሣል፣ የሚያንሸራትተውንም ገጽ በትንሹ ይቆነጥጠዋል፤ ከላዩ የሚቀባው የመጀመሪያ ቀለም ደግሞ ዚንኩንና ዘይቱን ያለያያል። የቀትሩ ፀሐይ ሌላው ጥፋት ነው፦ በጋለ ብረት ላይ የቀለሙ ገጽ ወዲያው ቆዳ ያበጅና አኳራጁን ከሥር አፍኖ ያስቀረዋል፤ የታፈነውም ተን ሲሆን ቆዳውን እየገፋ ያሳብጠዋል። እኔ ደግሞ አኳራጁን እንደ ውኃ ነበር ያፈሰስኩት።

ጋሼ አልጮኸም። ስፓቱላና የብርጭቆ ወረቀት አቀበለኝ፤ የቀለሙን ዋጋ ግማሽ ከደመወዜ እንደሚቆርጥ ነገረኝ፤ ሄደ። ሁለት ቀን ሙሉ ፋቅሁ። ማንጎዎቹ በቀላሉ ሲነሡ፣ የፍየሏ እግር ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ አልነሣም ብሎ እጄን አቆሰለው።

አሁን አሁን በየሥልጠናው «በውስጥህ ያለውን ሕፃን ቀስቅሰው» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። የእኔ ሕፃን ተኝቶ አያውቅም። በስፓቱላ የሚፍቀው ግን እሱ አልነበረም።

ሁለተኛውን ታፔላ እንደ ፈተና ሠራሁት። አቼቶ፣ ውኃ፣ ማድረቅ፣ የመጀመሪያ ቀለም፣ አንድ ቀን ጥበቃ፣ እንደገና። ለማንጎው በክርና በማስመሪያ መካከለኛውን መስመር አወጣሁ፤ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን በካርቶን ቅርጽ ቆረጥኩ። ዛፍ የለም፣ ልጅ የለም፣ ፍየል የለም። ለመሳሳት ቦታ አልተውኩም። ሲያልቅ ጋሼ በጥፍሩ ጫረው፤ ንቅንቅ አላለም። ኮራሁ።

ደንበኛዋ መጥታ አየችው፤ ራሷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች፤ ወደ ቀኝም ዘንበል አደረገች።

«ይኼ እንቁላል ነው?» አለች።

«ማንጎ ነው።»

«ከሆነም የታመመ ማንጎ ነው። ያኛው ቢላጥም ያስጎመጅ ነበር።»

ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው አመመኝ። ፊት ለፊት ሳየው ግን ልክ ነበረች፤ የፋርማሲ ምልክት ይመስላል። እጄ ፈርቶ ነበር። የፈራ እጅ የሠራው ነገር ያስታውቃል፤ መስመሩ የትም አይንቀጠቀጥም፣ የትም አይሮጥም። ጋሼ ግን ይህኛውን የባሰ ጥፋት አድርጎ አልቆጠረውም። የተላጠውን በስፓቱላ፣ የታመመውን በከሰል እናክመዋለን ዓይነት ሰው ነው፤ ለሁሉም መሣሪያ አለው።

ድሬ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ይፈልጋል፣ ላሜራ የሚነካ የለም። በዚያ ቀን ቀትር ላይ ጋሼ የሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ፣ የውስጡን ንጹሕ ወረቀት አራግፎ ከአንድ እፍኝ ከሰል ጋር ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጠልኝ። «ሃያ ማንጎ ሣል፤ አታሳየኝ» ብሎ ሊተኛ ገባ።

የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ያው እንቁላሎች ነበሩ። ከዚያ ሰለቸኝ። ስምንተኛው ላይ ዓይን ጨመርኩበት። አሥራ አንደኛውን አህያ አስመሰልኩት። ማንም አያይም፣ ማንም አይከፍልም፣ ላሜራም አይበላሽም፤ ከደቻቱ አሸዋ ወዲህ እንዲያ ሥዬ አላውቅም ነበር። አሥራ አራተኛው ላይ የዚያች እናት ግቢ ትዝ አለኝ፤ ዛፉና ፍየሉ ሳይሆኑ አንዲት ቅጽበት ብቻ። ድንጋዩ መትቶት፣ ግንጣዩ ታጥፎ፣ ማንጎው ሊወድቅ ሲል። ገና አልወደቀም። ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። እሱን ብቻ ሣልኩት፤ ልጆቹን አላስገባኋቸውም።

ጋሼ ከእንቅልፉ ሲነሣ አታሳየኝ ያለውን ረስቶ ወረቀቶቹን አገላበጠ። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ «ይህችን እንዳትነካት» አለኝ። እኔ ግን ወዲያውኑ ላሜራው ላይ እንደገና ልሥላት ተነሥቼ ነበር። ክንዴን ያዘኝ። «አሁን እንደገና ብትሥላት እሷን አታገኛትም። እንወስዳታለን እንጂ።»

ያኔ ነው ወረቀት መብሳት ያስተማረኝ። መስመሩን ተከትለህ ወረቀቱን በመርፌ ትበሳዋለህ፤ ቀዳዳዎቹ እንደ ጉንዳን ተርታ ይሰለፋሉ። ትልቅ ሥዕል ሲሆን መብሳቱ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ወገብ ይቆርጣል፤ ከዚህ የበለጠ አሰልቺ ሥራ አላውቅም። ከዚያ ወረቀቱን ላሜራው ላይ ትለጥፍና የከሰል ዱቄት በጨርቅ ቋጥረህ ቀስ እያልክ ትመታዋለህ። ወረቀቱ ሲነሣ ቀትር ላይ ያለ ሐሳብ የሣልካት መስመር፣ ከነውልግድግዷ፣ ነጥብ በነጥብ ላሜራው ላይ ትገኛለች። ጋሼ እንዲህ የተበሱ ወረቀቶቹን ጣሪያው ሥር ከወራጁ ላይ ይሰቅላቸዋል። ቀድሞ መሬት ላይ ይከምራቸው ነበር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ደቻቱ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲገድል የሃያ ዓመት ወረቀቱንም ጠራርጎ ሄዷል፤ ስለ ወረቀቱ ግን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ሦስተኛውን ታፔላ የሠራነው በአምስት ጧት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት እንጀምራለን፤ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼ መዳፉን ላሜራው ላይ ያሳርፋል፤ ካቃጠለው ብሩሽ ይቀመጣል። እጄ የጀመረው ቅጠል ግማሽ ላይ ሆኖ እንኳ ያስቆመኛል። ስነጫነጭበት «ጧቱ የላሜራው ነው፤ ቀትሩ ያንተ» ይለኝና ከረጢት ይቀድልኛል። ሁለቱን እንዲህ በሰዓት መክፈሉ ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለቴ አይደለም፤ ሌሊት ብቻ እጁ የሚፈታ ሠዓሊም አውቃለሁ። ለእኔ ግን ቀትሩ እንደሚመጣ ማወቄ ጧቱን አስቻለኝ። ጨዋታው የሚቆረጥ ነገር መሆኑ ቀርቶ፣ ተራውን የሚጠብቅ ነገር ሆነ።

ዛሬ ታፔላ በኮምፒውተር ተሠርቶ በፕላስቲክ ላይ ይታተማል። እኔም የራሴን ቤት ከፍቼ ማሽን ገዝቻለሁ፤ አቼቶ ሰላጣ ላይ ካልሆነ አላየውም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን ማሽኑን አጠፋዋለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ መጀመሪያ ላይ ለመብራት ቆጣሪው አዝኜ መስሏት ነበር።

ሦስተኛው ታፔላ ከተሰቀለ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ደንበኛዋ ተቆጥታ መጣች። እኔ ቆሜ መሄድ አቃተኝ፤ ጋሼ ግን ጫማውን አጥልቆ ቀድሞኝ ወጣ። ደረስን። ከማንጎው ሆድ ላይ ላሜራው ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ከሥሩ መሬት ላይ የእንቁላል ያህል ድንጋይ ወድቋል። «የሰፈሩ ልጆች ናቸው» አለች፤ «ሊያወርዱት!»

ጋሼ መሰላል አስመጣና ወጣ። የጎደጎደውን ቦታ በጥፍሩ ጫረው፤ ደጋግሞ ጫረው። ከዚያ መሰላሉ ላይ እንዳለ ትከሻው ሲርገበገብ አየሁት፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ፊቱን ሲያዞር ይስቃል።

«አልተነሣም» አለኝ። ደንበኛዋ እንድናቃናላት ብትጠይቅም እሺ ሳይላት ወረደ።