የክብር ወንበር

አማቴን በካርታ ማሸነፍ የተመኘሁት ሽማግሌ ልኬ ገና መልስ ሳይመጣልኝ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ደሴ ከእኛ ሽቅብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም ሐምሌ ላይ ሌላ አገር ናት። የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲከናነብ፣ ሆጤ ባለው የአማቴ ቤት ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይፈላል፣ ከአቦሉ በኋላ ክራዚ የሚባለው፣ የእጅን ካርታ ቀድሞ የመጨረስ ጨዋታ ይጀመራል። ለእያንዳንዱ ሰው 5 ካርታ ይታደላል። 2 የጣለ ቀጣዩን ሰው 2 ያስስባል፤ 8 ወይም ጃክ የጣለ የፈለገውን ምልክት ይጠራል፤ አንድ ካርታ የቀረው «ቃሬ» ይላል። የስፔድ አስ ደግሞ 5 የሚያስስብ መቅሰፍት ነው። አማቴ በዚህ ላይ የራሳቸውን ሕግ ጨምረዋል፦ መጨረሻ የቀረ ሱቅ ይላካል።

የምላከው እኔ ነበርኩ። አጨዋወት አላውቅም እንዳይባል የወረደውን ሁሉ በቃሌ እይዛለሁ፤ ስንት 8 እንደወጣ፣ ስንት ጃክ እንደቀረ ከእኔ የሚያመልጥ የለም። ምን ዋጋ አለው! አማቴ 8 ይጥሉና፣ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው ድምፃቸውን አለስልሰው «እስቲ ዳይመንድ አምጣ ልጄ» ይላሉ። በእጄ ልብ አለ፣ ስፔድ አለ፣ ፍላወር አለ፤ ዳይመንድ የለም።

መብራት በጠፋ ቁጥር ግን አሸንፋለሁ። ሚስቴ «አንተን ጨለማ ይስማማሃል» ስትል እኔም ተሰጥኦ መስሎኝ ሰነበትኩ። አንድ ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሻማው የሚበራው ጠረጴዛው መሀል ነው፤ የሚያበራው የካርታዬን ጀርባ ነው፤ ፊቱ ይጨልማል። ታዲያ ይጨለም፣ ከእኔ ሌላ ማን ሊያየው ኖሯል? መብራቱ ሲመጣ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ቡፌው ቆሟል፤ በተወለወለው መስታወቱ ውስጥ አማቴ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እኔ እሳቸውን ካየሁ እሳቸው ምን ሲያዩ እንደከረሙ ገባኝ። «አማች ታች አይቀመጥም፣ ከፍ በል ልጄ» እየተባልኩ በስንት ልመና የምቀመጥበት የክብር ወንበር!

ዝም አልኩ። ወሎዬ አማቱን «ያጭበረብራሉ» አይልም፤ ያሸንፋቸዋል እንጂ።

በሚቀጥለው ዙር የስፔድ አስ ደረሰኝ። ከ6 ልብ ጀርባ ልክክ አድርጌ ደበቅኩት፤ ከኋላ ለሚያይ ስፔድ የሚባል ነገር በእጄ የለም። አማቴ 8 ጣሉ፣ «ቃሬ» አሉ፣ ከዚያም እጅግ በለሰለሰ ድምፅ፦

«እስቲ ስፔድ አምጣ ልጄ።»

አሱን ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረግኩት። ያን ጊዜ ያየሁት ደስታ በሰርጌም ቀን አልነበረም! አማቴ ካርታውን አላዩም። ዓይናቸው ከትከሻዬ በላይ አልፎ ቡፌው ላይ ቀረ፤ የታመነ ዘመድ እንደከዳው ሰው መስታወቱን አፈጠጡበት። ከዚያ 5 ሳቡ፣ መጨረሻም ቀሩ።

«ሕግ ሕግ ነው» ብለው ተነሡና ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሚስቴ ምንም አልተናገረችም፤ አየችኝ ብቻ። ታናሽ ወንድሟም አየኝ። ቡና የምታፈላው የጎረቤት ልጅ ሳትቀር አየችኝ።

«በእኔ ሞት ይቀመጡ እማማ!» ብዬ ስነሣ፣ ሁለተኛ ሳያስለምኑኝ ቁጭ አሉ።

ጃንጥላው ተሰብሮ ነበር። ጭቃው አንድ ጫማዬን ሁለቴ አስቀረብኝ። ስኳሩን በሹራቤ ውስጥ አቅፌ እየተንጠባጠብኩ ስመለስ አማቴ ደረታቸውን መቱ፦ «ውይ ልጄን! በሰበስክብኝ እኮ። ያ ወንበር ብርድ ነው፣ ና እዚህ እሳቱ አጠገብ።»

ተቀመጥኩ። ካርታው ታድሎ ይጠብቀኛል። እጄን እያሞቅሁ ወደ ኋላ ገልመጥ ስል መስኮቱ አለ፤ ውጪው ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ ክፍሉ በሙሉ ከነአምፖሉ መስታወቱ ላይ ይታያል። መጋረጃው ወደ ዳር ተሰብስቧል። ስወጣ ተዘግቶ ነበር።