«ተጠግኗል» ብቻ ተጽፎ የተዘጋ የሥራ ትዕዛዝ ምን ያሳጣናል?

የሕክምና መሣሪያ አስተዳደር ጥናት ከ30 ዓመት በላይ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ የትኛውን መሣሪያ፣ በየስንት ጊዜው እንፈትሽ?

በ1989 እ.ኤ.አ. ፌኒግኮ እና ስሚዝ የተባሉ ባለሙያዎች የነጥብ ስሌት አቀረቡ። የአገልግሎት ዓይነት (ከ2 እስከ 10)፣ አደጋ (ከ1 እስከ 5) እና የጥገና ፍላጎት (ከ1 እስከ 5) ተደምረው 12 ወይም ከዚያ በላይ ከመጡ መሣሪያው በቅድመ መከላከል ጥገና ፕሮግራም ውስጥ ይገባል። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማገዣ መሣሪያ) 10፣ 5 እና 5 አግኝቶ 20 ይሞላል። ስሌቱ ዛሬም ይጠቅማል፤ መዝገብ ለሌለው ሆስፒታል መነሻ ይሆናል። ግን መሣሪያው ቢበላሽ ምን እንደሚያስከትል እንጂ በምን እንደሚበላሽ አይነግረንም።

ኋላ የመጣው በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ጥገና የሚጀምረው ከዚህ ነው። እያንዳንዱ የሥራ ትዕዛዝ (የአንድ መሣሪያ የጥገና ጥያቄና የተሠራው ሥራ የሚመዘገብበት ቅጽ) ሲዘጋ የምክንያት ኮድ ይሰጠዋል፦ ባትሪ፣ ተቀጥላ (ኬብል፣ ፕሮብ፣ ካፍ)፣ የአጠቃቀም ስህተት፣ ፍተሻ ሊያስቀረው የማይችል ብልሽት፣ ፍተሻ ሊያስቀረው ይችል የነበረ ብልሽት፣ ጥገናው ራሱ ያመጣው ብልሽት፣ ችግር ያልተገኘበት። በመደበኛ ፍተሻ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የሚከፋው አለ፤ ተጠቃሚው ሊያየው የማይችል ስውር ብልሽት።

ከአየር ኦክስጅን ለይቶ ለታካሚ የሚሰጠውን ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር እንውሰድ። ኮምፕረሰሩ ይሠራል፣ የፍሰት መለኪያው በደቂቃ 5 ሊትር ያሳያል፣ ነርሷም መሣሪያው ደህና ነው ብላ ታምናለች። ውስጥ ያለው ዚዮላይት (ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዘው ማዕድን) ግን እርጥበት ከጠጣ ናይትሮጅን መያዝ ያቅተዋል፤ ታካሚው የሚያገኘው ንጽሕናው የወረደ ኦክስጅን ነው። የንጽሕና ማንቂያ የሌለው ሞዴል ከሆነ ይህን የሚገልጠው የኦክስጅን አናላይዘር (የንጽሕና መለኪያ) ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ82 በመቶ በላይ ይጠይቃል። መነሻው ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፦ መሣሪያው ለወራት ሳይሠራ ስቶር ውስጥ መቀመጡ፣ ወይም የአቧራ ማጣሪያው ታጥቦ ሳይደርቅ መመለሱ። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያም ኮምፕረሰሩን ያግለዋል፤ በየሳምንቱ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይመለስ።

የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ያወጡት ጥናት በ11 አገሮች ካሉ 60 ሆስፒታሎች የመጡ 2,849 የጥገና ጥያቄዎችን መርምሮ፣ ከተበላሹት መሣሪያዎች 66 በመቶ የሚሆኑትን በ107 መሠረታዊ ክህሎቶች መጠገን እንደሚቻል አሳይቷል። ይህ ሊታወቅ የቻለው ጥያቄዎቹ በዝርዝር ስለተመዘገቡ ነው።

አሁን ብዙ ጥናት የሚወጣው ብልሽትን በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ካለፈ መረጃ በሚማርበት ዘዴ) ስለመተንበይ ነው። ሞዴሉ የሚማረው ከሥራ ትዕዛዝ ታሪክ ነው፤ «ተጠግኗል» ከሚል አንድ ቃል ምንም አይማርም።

በአንድ የመሣሪያ ዓይነት መጀመር ይቻላል። በ12 ወር ፍተሻ ስውር ብልሽት ደጋግሞ ከተገኘ ጊዜውን ወደ 6 ወር አሳጥሩ። ደጋግሞ የሚመጣው ኮድ «የአጠቃቀም ስህተት» ከሆነ ግን ጊዜውን አትንኩት፤ ሥልጠናውን ወደ ዋርዱ ውሰዱ።