የሐጂ ሣር

ነገሩ ካለፈ ሁለት ክረምት ሆነው። ዛሬም ያንን ዳገት በወጣሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሥራዬ የውኃ ጥራት ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። ጉድጓዱን የሚሞላው ደግሞ ከደጋው ወርዶ አሸዋው ውስጥ የሚሰርገው ነው። ላይ ማሳ ላይ የተበተነ ዩሪያ ማዳበሪያ ውሎ አድሮ ታች ውኃው ውስጥ ናይትሬት ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ደግሞ ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው። ናይትሬት ቢያፈሉት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ይብስበታል። ጨቅላ የያዘችን እናት "አፍልተሽ ስጪው" ብሎ መሸኘት አይቻልም።

ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሲመጣ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ድሬዳዋን አቋርጦ ወደሚያልፈው ወደ ደቻቱ ከሚወርዱት ወንዞች በአንዱ ዳር የሚያርሱ ገበሬዎች አምስት ሜትር ለቀው ሣር ይተክላሉ፤ መድኃኒት የረጩበትን ዕቃ ወንዙ ውስጥ አያጥቡም። ለዚህ ይከፈላቸዋል። ኒውዮርክ በ1997 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ስምምነት ይህንኑ መንገድ ነው የመረጠችው። ውድ ማጣሪያ ከመገንባት ውኃው የሚመነጭበትን ተራራ መጠበቅ፣ ለገበሬዎቹም የእበት ማከማቻና የወንዝ ዳር አጥር ወጪ መሸፈን ይሻላል ብላ።

ለምዝገባ ስንዞር ሐጂ የምንላቸው አዛውንት ገበሬ ማሳ ደረስን። ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ሲያወርዱ ስለኖሩ አማርኛቸው የድሬ ልጅ ነው። የማሳቸው ዳር ቀድሞውኑ ሣር ነው። ከቁመቴ የሚበልጥ የዝሆን ሣር፣ ከሥሩ ደለል የተከመረበት። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከማሳው በሚወጣው ቦይ ሁለት ጠርሙስ ቀዳሁ። ሣሩ ጋ ሳይደርስ የቀዳሁት ሻይ በወተት ይመስላል። ሣሩን አልፎ የወጣው ግን ከጠርሙሱ ኋላ የያዝኩት ጣቴ ይታይበታል።

"እና የኔ ስንት ነው?" አሉኝ።

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ ማሳው ከውሉ በፊት እስከ ወንዙ ይታረስ ነበር? "አይ" ከሆነ ክፍያ የለም። ገንዘቡ ለውጥ ለሚያመጣ ነው ተብለን ነው የሠለጠንነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

"ስሚ ልጄ፣ ጎረቤቴ እስከ ውኃው ድረስ ያርሳል። ለሱ ትከፍያለሽ?"

"አዎ ሐጂ፣ ከተወ ይከፈለዋል።"

"እኔ የተከልኩት ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ነው። የእህቴን ቤት ደቻቱ ሲወስደው የወረደው አፈር የኛ አፈር ነው። ትከል ያለኝ የለም።" ትንሽ ዝም አሉ። "አቦ፣ ማረስ ነበረብኛ!"

"መመሪያ ነው ሐጂ" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እሳቸው ግን ሳይቀየሙ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ አስቀረቡልኝ። አልወርድልሽ አለኝ።

ቢሮ ተመልሼ ሁለቱን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ቀድሞ ለጠበቀም ትንሽ ይታሰብለት ብዬ ጻፍኩ። "ላለ ነገር አንከፍልም" ተባልኩ። ያለ ክፍያ የኖረ ነገር ያለ ክፍያ ይቀጥላል ብለን ነው የተሳሳትነው። ጎረቤቱ ሲከፈለው እያዩ እንዴት ይቀጥላል?

በቀጣዩ ክረምት ስሄድ ሣሩ የለም። እስከ ወንዙ አፋፍ ሽንኩርት ነው።

"ልጆቹ ናቸው" አሉኝ ሐጂ፣ ዓይኔን ሳያዩ። "አባታችን ሞኝ ነው ይላሉ።" ልቆጣ አልቻልኩም። በምን አፌ?

ዘንድሮ ያንኑ ቅጽ ይዤ ሄድኩ። እስከ ወንዙ ይታረስ ነበር? "አዎ" ብዬ ሞላሁ። ሐጂ ፈረሙ፣ አብረን ጫፍ እስከ ጫፍ ለክተን ችካል ተከልን። አዲሱ ሣር ገና ጉልበቴ አልደረሰም። ከቦዩ የቀዳሁት ውኃም ሻይ በወተት እንደመሰለ ነው።