ከለቀቀች በኋላ የገባችው ሠራተኛ

በምሠራበት ባንክ የሳይበር ደህንነት ኮምፕላያንስ ፋይሉ በእኔ እጅ ነበር። ባንኮች የክፍያ ትዕዛዝ በሚለዋወጡበት ዓለም አቀፍ ኔትወርክ፣ በስዊፍት፣ የሚሠራ ባንክ ሁሉ የደህንነት መስፈርቶቹን ማሟላቱን በየዓመቱ ያረጋግጣል፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ማረጋገጫው በገለልተኛ ገምጋሚ መታየት አለበት።

ገምጋሚዋ ስትመጣ ፋይሉን ዘረጋሁላት። «የለቀቁ ሠራተኞች መለያ ተዘግቷል» በሚለው ጥያቄ ፊት «አዎ» የሚል መልስ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ፊርማዬ። የፈረምኩት የክፍሉ ኃላፊ «ሁሉም ተዘግቷል» ብሎ በኢሜይል ስለጻፈልኝ ነው። ስክሪኑን አላየሁም።

እሷ ሁለት ዝርዝር ጠየቀች፦ ከሰው ሀብት የለቀቁትን፣ ከሲስተሙ ደግሞ ክፍት መለያዎችን መጨረሻ ከተገባባቸው ቀን ጋር። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ በማስመሪያ መስመር በመስመር ወረደች። አንድ ስም ላይ ማስመሪያው ቆመ።

«እሷ መቼ ነው የለቀቀችው?»

«ዘጠኝ ሳምንት ሆኗታል።»

ጣቷን ወደ ሁለተኛው ወረቀት አሻገረች። መለያው መጨረሻ የተከፈተው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ላብ አጠመቀኝ።

ማን ከየት እንደገባ የሚያሳየውን የሲስተሙን መዝገብ፣ ሎጉን፣ አወጣን። የገባው ከታታሪ ባልደረቦቻችን አንዱ ነበር። የክፍያ ትዕዛዝን አንዱ ያዘጋጃል፣ ሌላው ያጸድቃል፤ ሜከርና ቼከር የምንለው ነው። ቼከሯ ስትለቅ ምትክ አልተመደበም። የይለፍ ቃሏን ያውቃል፣ የማረጋገጫ ቁልፏም መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ራሱ ያዘጋጀውን በእሷ ስም ያጸድቃል። ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ ከደንበኞች ሰነድ ጋር አመሳከርን፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም።

«እንግዲህ ገንዘብ ካልጠፋ ምን አለበት» ያሉ ነበሩ። ይህ ንግግር ዛሬም ያናድደኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከባንግላዲሽ ማዕከላዊ ባንክ ሒሳብ 81 ሚሊዮን ዶላር የወሰዱት ሌቦች የስዊፍትን ኔትወርክ አልሰበሩም፤ በባንኩ በራሱ ኮምፒውተሮች፣ በኦፕሬተሮቹ መለያ ነው የገቡት። እኛ ዘንድ የመጣ ሌባ ቢኖር ኖሮ የሜከሩንም የቼከሯንም ቁልፍ አንድ ቦታ ያገኝ ነበር። ስዊፍት የደህንነት ፕሮግራሙን የጀመረውም ከዚያ ስርቆት በኋላ ነው፤ መስፈርቱን የወረቀት ጣጣ አድርገው ለሚያዩት ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

በልጁ ላይ ግን መፍረድ አቃተኝ። «ሥራው እንዳይቆም ብዬ ነው» አለና ምትክ እንዲመደብለት የላካቸውን ሦስት ኢሜይሎች አሳየኝ። ሦስተኛው ለእኔም በግልባጭ ደርሶኛል፤ የሰው ኃይል ጉዳይ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

የዚያ ዓመት ማረጋገጫ ላይ መስፈርቱን «አላሟላም» ብለን ላክን። አሁን የሚለቅ ሰው መለያው መዘጋቱን ስክሪን ላይ ሳላይ፣ ቁልፉንም በእጄ ሳልቀበል ክሊራንሱ ላይ አልፈርምም። የቼከር ቦታ ክፍት ሲሆንም በዚያው ቀን የደህንነት ክፍተት ተብሎ ይመዘገባል። ሁለቱን ዝርዝር በየሳምንቱ አርብ እኔው ራሴ በማስመሪያ አመሳክራለሁ።