ለገና ማታ፦ ዶሮ በሁመር

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ለድሬ ልጆች፣ ለሐረሮች፣ ከአገር ርቃችሁም ይህን ለምታነቡ ሁሉ። ያለፉት ወራት ለብዙ ቤት ከባድ ነበሩ፤ አንዱ ጋ ሕመም፣ ሌላው ጋ ሐዘን፣ ሁሉም ጋ ኑሮ ውድነት። ስለዚህ ዘንድሮ ከምኞቱ ጋር ራትም ልከንላችኋል።

ዶሮ ወጥ በክብሩ ይኑር፣ አንነካውም። ግን ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት አቁላልቶ፣ ዶሮውን ገነጣጥሎና አጥቦ፣ ግማሽ ቀን እሳት ዳር መዋል ጉልበት ይፈልጋል። ድስቱን የምትይዘው እናት በታመመችበት ወይም በሌለችበት ቤት ደግሞ ጉልበቱም ቢኖር ነገሩ ይከብዳል፤ የተለመደው ወጥ የተለመደውን እጅ ያስታውሳል፣ ማንም ቢሠራው “እንደሷ አልሆነም” መባሉ አይቀርም። አዲስ ምግብ ይህ ጣጣ የለበትም፣ የሚወዳደረው ከማንም ጋር አይደለምና። እንዲህ ያለ ቤት በዓሉን ከሚዘለው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቅና ሁሉም እጁን የሚያስገባበት የእስያ ቃና ያለው ራት ቢሠራ ይሻላል ባይ ነን።

ቅመም ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ለታይላንዱ ፓድ ታይና ለደቡብ ሕንድ ወጦች ያንን ኮምጣጣ ጣዕም የሚሰጣቸው እኛ ድሬ ቀፊራ ገበያ የምንገዛው ሁመር (ታማሪንድ) ነው። ዛፉም ቢሆን መነሻው አፍሪካ ነው፤ እስያ የገባው ከዚህ ተሻግሮ ነው። ለውዙ የባቢሌ፣ ሩዙ ባስማቲ፣ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ከጓዳ። ሶይ ሶስና ኮርን ስታርች ከሱቅ ከመጡ በቃ።

መጠኑ ለ6 ሰው ነው። 150 ግራም ሁመር በአንድ ብርጭቆ ተኩል ሙቅ ውሃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ በእጃችሁ አሽታችሁ በወንፊት አጥልሉት። ወፍራም መሆን አለበት፤ ከቀጠነ ውሃው እስኪተን ድረስ ሥጋውም አትክልቱም ከልኩ በላይ ይበስላል። ከዚህ ግማሽ ብርጭቆ ወስዳችሁ በ4 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስና በ3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በጥብጡና ቅመሱት። ሁመር ሁሉ እኩል አይኮመጥጥም፣ ስለዚህ ስኳሩን ምላሳችሁ ይወስን። ጨው ግን አትጨምሩ፤ የሶይ ሶሱ ይበቃል።

ዶሮው ላይ ረጋ እንበል፣ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። የአበሻ ዶሮ ለወጥ ነው፤ በሦስት ደቂቃ ጥብስ ጥርስ አይገባውም። ለዚህ የሚሆነው የፈረንጅ ዶሮ ጭን ነው፣ ከአጥንቱ የተለየ 750 ግራም። ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ከቆየ ለቢላ ይመቻል፤ የሥጋውን ክር አቋርጣችሁ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቁረጡት። በአንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ኮርን ስታርችና ዘይት ለውሳችሁ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ስታርቹ ሥጋውን ሸፍኖ እርጥበቱን ይይዝለታል።

መጥበሻው ጭስ ሊያወጣ እስኪል ይጋል። ከሰል ከኤሌክትሪክ ምድጃው ይሻላል፤ በበዓል መብራት ከሄደ ደግሞ ምርጫም የለም። ሥጋውን በሦስት ዙር ጥበሱ። ሁሉንም ባንዴ ከደፋችሁት መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃ ያወጣል፣ ጥብስ የተባለው ቅቅል ሆኖ ያርፋል። አንዱን ዙር ለ1 ደቂቃ ሳትነኩ ተዉት፣ ከዚያ ለ2 ደቂቃ እያገላበጣችሁ ውስጡ ቅላት እንደሌለው አይታችሁ አውጡ። ቀጥሎ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ቃሪያ ይገባሉ፣ ታጥበው በደንብ ከደረቁ በኋላ። የተከተፈው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አትክልቱ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ነው የሚጨመረው፤ ከቀደመ አርሮ ይመራል። ሥጋውን መልሱ፣ የሁመር ሶሱን አፍስሱ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ 1 የሻይ ማንኪያ ስታርች ጨምሩና ወፈር እንዳለ አውርዱት። ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ስታርች ብዙ ከፈላ መልሶ ይቀጥናል።

ለውዙ የልጆች ሥራ ነው፦ ተቆልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ታሽቶ፣ ሙቀጫ ውስጥ ሸርከት ማለት። በትኩሱ ከተወቀጠ ዘይቱ ወጥቶ ሊጥ ይሆናል። የማይስማማው ሰው ሊኖር ስለሚችል ለብቻው ይቅረብ።

3 ብርጭቆ ሩዝ ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ ግማሽ ሰዓት ከተዘፈዘፈ 4 ብርጭቆ ተኩል ውሃ ይበቃዋል። ከፈላ በኋላ በዝግታ 12 ደቂቃ፣ ከወረደ በኋላ ተከድኖ 10 ደቂቃ። ሐረር ከድሬ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ትንሽ ውሃና ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩ።

መቼም ድሬ ላይ ገና ያለ ሙስሊም ጎረቤት አይሆንም። ለእነሱ ሥጋ ባልነካው መጥበሻ፣ አስቀድማችሁ፣ አትክልቱን ከዕንቁላል ጋር በዚያው ሶስ ሥሩ። አንዳንድ ሶይ ሶስ አልኮል ይጨመርበታልና ጠርሙሱ ላይ ያለው ይነበብ። “አቦ፣ ዕንቁላል ብቻ?” የሚል አይጠፋም፤ ሁለተኛ ሳህን ሲጠይቅ ታዩታላችሁ።

ሩዝ ከተረፈ ድስቱ ውስጥ አታሳድሩት። ትሪ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙና በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት። ውጭ ባደረ ሩዝ ላይ ባክቴሪያ የሚያፈራው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ፍሪጅ ያደረው ግን ደረቅ ስለሚል በነጋታው በዕንቁላልና በሽንኩርት ለመጥበስ ከትኩሱ ይበልጣል። የተረፈውን ሁመር በውሃና በስኳር በጥብጡት፣ በረዶ ጣል አድርጉበት። መልካም ገና!