ማንም ሳይነካው

በፈረንጆቹ 2022 ኦክቶበር ገደማ ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት ደወሉልኝ። ዌብሳይታቸው ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነው።

«ልጄ፣ ከጠበቃ ደብዳቤ መጣብኝ። 170 ዩሮ ክፈይ ይላል። ምን አጠፋሁ?»

ደብዳቤውን ፎቶ አንስተው በዋትስአፕ ላኩልኝ። የጠበቃው ደንበኛ ገጹን ሲከፍት፣ በጉግል ፎንት (ጉግል ለዌብሳይቶች በሚያቀርበው የፊደል ቅርጽ) በኩል አይፒ አድራሻው፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ሳይፈቅድ ወደ ጉግል ሄዷል ይላል። ያን ሰሞን ጀርመን ውስጥ ይህ ደብዳቤ እንደ ጉድ ይዘንብ ነበር። መነሻው የሙኒክ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የሰጠው ፍርድ ነው። ፎንት ከጉግል ሰርቨር ይጭን የነበረ ዌብሳይት ለአንድ ጎብኚ 100 ዩሮ ካሳ እንዲከፍል ተወስኖበታል። ፎንቱን በራስህ ሰርቨር ማስቀመጥ ስትችል የሰው አድራሻ ለሌላ አታሳልፍ ነው ነገሩ።

«እንዴ! እኔ እኮ ኩኪ የሚያስፈቅደው ነገር አለኝ» አሉ እትዬ።

አላቸው። ኩኪ ዌብሳይት ጎብኚውን ለማስታወስ በመሣሪያው ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል ነው። የእህታቸው ልጅ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ በየወሩ የሚከፈልበት ባነር ገጥሞላቸዋል። ትልቅ አረንጓዴ «እቀበላለሁ» የሚል ቁልፍ፤ ከሥሩ ደግሞ ዓይን የሚያስጨንቅ ግራጫ «ማስተካከያ»። ማስተካከያው ሲከፈት ሳጥኖቹ በሙሉ ቀድሞውኑ ምልክት ተደርጎባቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን እንዲህ ያለው ሳጥን ፈቃድ አይባልም ብሎ በ2019 ጨርሶታል። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣንም ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣቸው እምቢ ማለትን እንደ እሺታ ቀላል ስላላደረጉት ነው።

ለእኔ ግን የባነሩ መልክ ቀላሉ ጉዳይ ነበር። ሱቃቸው ሄጄ ላፕቶፑ ላይ የግል መስኮት ከፈትኩ። ኤፍ 12 ተጫንኩና ገጹ ከየት ከየት እንደሚጭን የሚዘረዝረውን የኔትወርክ ክፍል አሳየኋቸው። ገጹን ጠራሁት። ባነሩ ብቅ አለ፤ ማንም አልነካውም። ከጎኑ ዝርዝሩ ይንጋጋ ጀመር፦ ጉግል ፎንት፣ የጎብኚ ቆጣሪው፣ የፌስቡክ ፒክስል (ጎብኚውን ለማስታወቂያ የሚከታተል ኮድ)፣ ካርታው፣ የዩቲዩብ ቪዲዮው። ያስቀኝ ደግሞ ባነሩ ራሱ ነው። የራሱን ጽሑፍ ለማሳየት ፎንት ከጉግል ይጎትታል። ልጁ ባነሩን ለጥፎ ነበር እንጂ ሌሎቹን ከእሱ ጋር አላገናኛቸውም። ብዙ ትንንሽ ዌብሳይት ላይ የማየው ይኼንኑ ነው፤ በር ላይ ዘበኛ ቆሞ ዕቃው በመስኮት ይወጣል።

ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው።

«የጎብኚ ቁጥሩን ያዩታል?»

«የምን ቁጥር?»

ቆጣሪው ወጣ። ፒክስሉ ለአንድ ፋሲካ ማስታወቂያ የገባ ነው፤ ማስታወቂያው ካለቀ ቆይቷል። እሱም ወጣ። ካርታውን በተራ ምስል ተካሁት፤ መንገድ የፈለገ ሰው ሊንኩን ይጫናል። የእንጀራ አጋገር ቪዲዮው ላይም ፎቶ አደረግኩ። ሰው «አጫውት» ሲል ብቻ፣ ከዩቲዩብ እንደሚመጣ ተነግሮት ይከፈታል።

ጊዜ የወሰደው ፎንቱ ነበር። የአማርኛው ጽሑፍ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው የተሠራው። ብዙ የአማርኛ ገጽ ፎንት ከጉግል የሚጠራው የግዕዝ ፊደል በሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት ስለማይታይ ነው። ደግነቱ የፎንቱ የአጠቃቀም ፈቃድ ክፍት ነው፤ አውርዶ በራስ ሰርቨር ማስቀመጥ ይቻላል። የማንጠቀምባቸውን ፊደላት ቀንሼ ጫንኩት፣ ገጹም ፈጠነ።

የቀረው የዘንቢሉ ኩኪ ብቻ ነው፤ ገዢው የመረጠውን ሽሮ የሚያስታውሰው። ለእሱ ፈቃድ አያስፈልግም። ሕጉ ተጠቃሚው ራሱ ለጠየቀው አገልግሎት የግድ የሆነውን ይተወዋል። የግል መረጃ አያያዝ የሚገልጸው ገጽ ግን የግድ ነው፤ እሱን አዲስ ጻፍነው።

ደብዳቤውን ይዘው ጠበቃ እንዲያማክሩ ነገርኳቸው። «አትክፈይ» ብሎ መለሳቸው። ዲሴምበር ላይ የበርሊን ዐቃቤ ሕግ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በገፍ ሲልኩ በነበሩ ጠበቃና ደንበኛው ላይ ብርበራ አስደረገ። ዌብሳይቶቹን የጎበኘው ሰው ሳይሆን ሶፍትዌር ነው የሚል ጥርጣሬ ነበር። ማሽን ደግሞ የሚነካ የግል ሕይወት የለውም።

የእህታቸው ልጅ ባነሩ መነሳቱን ሲያይ ደወለልኝ። «ሁሉም ዌብሳይት ላይ አለ እኮ! ያለሱ ይቀጡናል።»

«ለምኑ ነው የምናስፈቅደው? አንድ ንገረኝ።»

ዝም አለ። እትዬ ስልኩን ተቀበሉት።

«ታዲያ በየወሩ የሚቆረጥብኝስ?»

«ያቋርጡት።»

«ያለፈውንስ ይመልሱልኛል?»